ከመዋጮው በፊት

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደማም መሀል ከተማ፣ ሰው ሁሉ «ሲኮ» በሚለው አካባቢ፣ የየአገሩ ሠራተኛ ይሰበሰባል። የእኛም ሰው አይቀርም። ከኢንዱስትሪ ከተማው የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ከወደቡ ጫኝና አውራጁ፣ ከኮባር ሱቅባ ሹፌሩ፣ ፈቃድ ካገኘች ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ ትመጣለች። ገንዘብ ይላካል፣ ካርድ ይሞላል፣ የአገር ቤት ወሬ ይወራል። በዚህ መሀል አንድ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ካያችሁ፣ ብዙ ጊዜ የሚታየው የሟች ፎቶ ነው። ከፎቶው ሥር ስሟ፣ የመጣችበት ወረዳና አስከሬኗን ለመላክ የሚያስፈልገው ገንዘብ ተጽፏል። ዐሥርም ይሁን ሃምሳ ሪያል ሳይሰጥ የሚያልፍ ጥቂት ነው። በሕይወት ሳለች አይቷት የማያውቅ ሰው ከደመወዙ ቆርሶ ይሰጣል።

ይህን ልማዳችንን ከልቤ አከብረዋለሁ። ኤምባሲያችን ያለው ሪያድ ነው፤ ከደማም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ልጁ ለሞተችበት ቤተሰብ ቀድሞ የሚደርሰው ይህ መዋጮ ነው። የሚያሳስበኝ አብሮት የሚመጣው ንግግር ነው። «ምን ሆና ነው?» ሲባል መልሱ «ምንም፤ ድንገት ነው» ይሆናል። ማታ ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች፣ ጠዋት አልተነሣችም። ወይም ሥራ ላይ እንዳለ አንድ ጎኑ አልታዘዝ አለው፣ ምላሱ ተሳሰረ፣ ወደቀ። «የአላህ ውሳኔ ነው»፣ «ቀኗ ደርሶ ነው» እንባባልና እንለያያለን። የሞተ ሁሉ በደም ግፊት ሞተ አልልም። ሙቀት የሚገድለው አለ፣ የሥራ አደጋ የሚቀጥፈው አለ፣ በደል የሚገድለውም አለ። ነገር ግን «ድንገት» ብለን ከምናልፋቸው ሞቶች መካከል ለዓመታት ውስጥ ለውስጥ ሲበስሉ የቆዩ እንዳሉ አምናለሁ። አንድ ቀን ክንድ ቢለካ ኖሮ ይታወቁ ነበር።

የደም ግፊት ትልቁ ክፋቱ አለማሳመሙ ነው። ልብ ደም ስትረጭ የደም ሥሩ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከልክ በላይ ሲሆን ሰውነት አይጮህም። አንጎልን፣ ልብን፣ ኩላሊትንና ዓይንን የሚመግቡት ሥሮች ቀስ እያሉ ይጎዳሉ እንጂ ባለቤታቸው ሥራውን ይሠራል፣ ይስቃል፣ ይልካል። በተለያየ ቀን ተለክቶ ላይኛው ቁጥር 140፣ ወይም ታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሞች የደም ግፊት በሽታ አለ ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ30 እስከ 79 ዓመት ዕድሜ ካላቸው የዓለም ሰዎች መካከል 1.4 ቢሊዮን ያህሉ ይህ ችግር አለባቸው፤ ግማሽ ለመሆን ጥቂት የቀራቸው ደግሞ እንዳለባቸው አያውቁም። በቁጥጥር ሥር ያዋሉት ከአራት አንዱ እንኳ አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያ ውስጥ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ አዋቂዎች 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ሳዑዲ ውስጥ የምንኖረውን ኢትዮጵያውያን ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ 750 ሺህ ገምቶን ነበር። ስደተኛው ወጣት ስለሆነ ድርሻው ከአገር ቤቱ ዝቅ ይላል ብንል እንኳ፣ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ወገን ማለት ነው። ዓርብ ዕለት ሲኮ ከምናየው ሕዝብ ሁሉ የሚበዛ ሰው!

አንድ ታሪክ ላንሣ። ለእኛም፣ ለምንኖርበት አገርም የቀረበ ነው።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1945 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከያልታ ጉባኤ ሲመለሱ፣ ግብፅ ውስጥ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመችው «ኩዊንሲ» የጦር መርከብ ላይ እንግዶች ተቀበሉ። በ13ኛው ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ መርከቧ ወጡ። በማግስቱ የሳዑዲው ንጉሥ አብዱልአዚዝ ተተኩ። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በ1938፣ ደማም ቁጥር 7 የተባለው ጉድጓድ ዘይት መስጠት ጀምሮ ነበርና ዛሬ እኛ የምንሠራበት የምሥራቁ ክፍል ዕጣ በዚያ ሰሞን ነበር የሚወሰነው። ስለዚያ መርከብ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚይዘኝ ግን አስተናጋጁ ሩዝቬልት በዚያን ጊዜ በጠና ታመው እንደነበር ነው። ከዓመት በፊት፣ በማርች 1944፣ የልብ ሐኪሙ ሃዋርድ ብሩን ሲለካቸው ግፊታቸው 186 በ108 ሆኖ ተገኝቶ ነበር። ሐኪሙ ያኔ በእጁ የነበረውን ሁሉ አደረገ፦ ዕረፍት፣ ጨው መቀነስ፣ ሲጋራ መቀነስ፣ ለልብ ድካም የሚሰጥ አንድ መድኃኒት። ግፊትን በደህና የሚያወርድ ክኒን ገና አልነበረም። ሁለቱን ነገሥታት ባስተናገዱ በሁለት ወር ውስጥ፣ አፕሪል 12 ቀን 1945፣ ራሴን ክፉኛ አመመኝ አሉና ራሳቸውን ሳቱ። ያን ዕለት ብሩን ሲለካቸው 300 በ190 አነበበ። አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ በ63 ዓመታቸው አረፉ።

በምድር ላይ ከሁሉ የበረታውን ጦር የሚያዝዙ ሰው ያጡትን መድኃኒት ዛሬ ኮባር ውስጥ ቤት የምታጸዳ ልጅ ከሠፈሯ ፋርማሲ ልታገኘው ትችላለች። አምሎዲፒን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታን የሚባሉት መድኃኒቶች አሮጌ፣ የተፈተኑና ርካሽ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎችም ይሰጧቸዋል። ስለዚህ እኛን የሚገድለን የመድኃኒት መጥፋት ነው ብዬ ለመቀበል ይከብደኛል። ከክኒኑና ከክንዳችን መካከል የቆመው ሌላ ነገር ነው፤ አብዛኛው ፍርሃትና ዝምታ ነው።

ፍርሃቱ መነሻ አለው። ከአገር ስንወጣ የሕክምና ምርመራ አልፈን ነው የምንወጣው። በዚያ ምርመራ የምናስበው «አልፋለሁ ወይስ እወድቃለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። ግፊቷ ስንት እንደሆነ ጠይቃ፣ ቁጥሩን ጽፋ ይዛ አውሮፕላን የተሳፈረች ልጅ አላጋጠመችኝም። እዚህ ከደረሰች በኋላም በሽታ ማለት ከሥራ መባረር፣ ከዚያም መመለስ ይመስላታል። ለአበዳሪ ያልተከፈለ ዕዳ፣ ያልተጨረሰ የቤት ግንባታ፣ ትምህርት ቤት ያለ ወንድም አለ። ስለዚህ ራስ ምታቱን በፓናዶል ታስታግሳለች። ክኒን የተሰጣትም ከሻንጣዋ ሥር ትደብቀዋለች፣ መዳም (አሠሪዋ) ያየችባት ቀን ደግሞ «የቫይታሚን ነው» ትላለች። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌለው ወይም «ሁሩብ» (ከአሠሪው ጠፋ) የተባለበት ወገንማ የሆስፒታል በር ከፖሊስ ጣቢያ በር አይለይበትም።

ፍርሃቱ ሁልጊዜ ከእውነታው ጋር አይመጣጠንም። በግል ኩባንያ በሕጋዊ ውል የሚሠራ ሰው የጤና መድን እንዲገባለት የሳዑዲ ሕግ አሠሪውን ያስገድዳል፤ የደም ግፊት ምርመራና ሕክምናም ሰው የማይጠቀምበት ካርድ ውስጥ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ ከአራት በላይ የቤት ሠራተኞች የሚያሠራ ቤተሰብ መድን እንዲገባላቸው ተደንግጓል። አንድ ወይም ሁለት ሠራተኛ ባለበት ቤት ያለችው እህት ከዚህ ውጭ ቀርታለች፤ ብዙዎቻችን ደግሞ እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ ነን። ቢሆንም ለቤት ሠራተኞች በወጣው ደንብ የሕክምና ኃላፊነቱ የአሠሪው ነው። ለመዳም ነገሩን ፊት ለፊት መናገር፣ «በየቀኑ አንድ ክኒን እየወሰድኩ በደህና እሠራለሁ» ማለት፣ ታማ ከመገኘት እጅግ ይሻላል። ለአሠሪውም ቢሆን ክኒን የምትወስድ ሠራተኛ አልጋ ላይ ከወደቀች ሠራተኛ ትመረጣለች። የሚያሳዝነው ይህን የሚያስረዳልን፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አጠገባችን አለመኖሩ ነው።

ስለ ምግባችን ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ ጨው ላይ መቆም እፈልጋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በአገራችን በተደረገው በዚያው የ2015 ጥናት ሰዉ በአማካይ ከ8 ግራም በላይ እንደሚበላ ታይቷል። አይገርምም። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ሚጥሚጣውም ጨው አለው። ወጡ ሲወጠወጥ እንደገና ይጨመራል። ወሎዬ ደግሞ ቡናውንም በጨው ይጠጣል። ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ እናት በሰው የላከችው በርበሬ ደማም ሲደርስ ናፍቆት ነውና «ይህን ተዉ» የሚል ሐኪም ቢመጣ ማንም አይሰማውም። የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው፦ እናቶቻችን በርበሬውን ያለ ጨው ይላኩልን። ጨው ድስቱ ላይ ሲጨመር መጠኑ ይታያል፤ በርበሬው ውስጥ ከተደበቀ ግን ማንም አይቆጥረውም።

በዚህ ላይ የስደቱ ጨው ይጨመራል። ከፋብሪካ ማታ ደክሞ ካምፕ የገባ ልጅ ኢንዶሚ ቀቅሎ እንቁላል ይሰብርበታል፣ የቅመም ከረጢቱን አራግፎ ይጨርሳል። የታሸገ ፉል፣ የማጊ ኩብ፣ ባለ ሦስት ማዕዘኑ አይብ፣ ከካብሳው ጎን የሚቀርበው ኮምጣጣ አትክልት፣ ሁሉም ጨው ተሸክመዋል። ከከረጢቱ ግማሹን ብቻ መጠቀም፣ የታሸገውን ፉል በውኃ ማጠብ፣ በማጊ ፋንታ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ማብዛት ሀብታም መሆን አይጠይቅም። እንደ ጾም ምግባችን ለግፊት የሚመች ምግብ ማግኘት ከባድ ነው፤ ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ጎመኑ ዘይቱና ጨው ከተመጠነለት ማለት ነው።

የዚህ አካባቢ በጋ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2003 አጠገባችን ባለችው ዳህራን የአየሩ የጤዛ ነጥብ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በዓለም ከተመዘገቡት ከፍተኛው ነው። ትርጉሙ ለሠራተኛ ግልጽ ነው፦ ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት ላብ እንዳይደርቅ ያደርገዋል፣ ላብ ካልደረቀ ገላ አይበርድም። መንግሥት ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራትን የከለከለው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ አንድ ምክር ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል፦ «ላብ ጨው ያወጣል፤ ጨው ላስ።» ለጤነኛ ወጣት ብዙ ላይጎዳው ይችላል፤ ግፊት ላለበት ሰው ግን ሐኪም ሳያዝ መደረግ የለበትም። የሚያስፈልገው ደጋግሞ ውኃ መጠጣትና ጥላ ነው። ሽንት የሚያበዛ የግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ በበጋ ቶሎ ይደርቃል፤ ሲነሣ ካዞረው ክኒኑን በራሱ ከማቆም ይልቅ ለሐኪሙ ይንገር፣ መጠኑ ይስተካከልለታል። ድካሙን ለማለፍ ኃይል ሰጪ መጠጥ የሚደጋግሙ ሹፌሮችና የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞችም ብዙ ካፌይን ለጊዜው ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ ይወቁ።

እንቅልፍም አለ። ደንቡ የቤት ሠራተኛ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ እንዳትሠራ ይላል። በረመዳን የሚሆነውን ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከአፍጥር ዝግጅት እስከ ስሑር እግር አይቀመጥም፣ ጠዋት ደግሞ ልጆቹ ይነሣሉ። እንቅልፍ ማጣት ግፊት ያስነሣል፤ የተነሣውንም አላስተኛ ይላል። ብዙዎቹ የግፊት ክኒኖች በቀን አንዴ የሚወሰዱ ስለሆኑ ጿሚ ሰው ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ወደ አፍጥር ወይም ወደ ስሑር ሊያዛውራቸው ይችላል። ለወሩ ብሎ መድኃኒቱን መተው ግን አያስፈልግም።

አሁን ስለ ክኒኑ። ከሁሉ በላይ የምሰማው «ደህና ሆኛለሁ፤ ተውኩት» የሚለውን ነው። ደህና የሆንሽው እኮ ስለወሰድሽው ነው፣ እህቴ! ቁጥሩ 120 በ80 ሲሆን ክኒኑ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ሲቆም በቀናት ወይም በሳምንታት ይመለሳል። ሁለተኛው ልማድ ክኒን መዋዋስ ነው። «ለእሷ ተስማምቷታል፣ ለእኔም ስጪኝ» ይባላል። ኢናላፕሪልም ሆነ ሎሳርታን እርጉዝ ሴት ብትወስደው ፅንሱን ይጎዳል፤ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ የሚያጠብቡ የግፊት መድኃኒቶችም አሉ። ሦስተኛው ከሁሉ የማይጠረጠረው ነው። ወገብ ሲያምም ዳይክሎፌናክ፣ ጉልበት ሲያምም አይቡፕሮፌን እየተዋጠ ነው ምንጣፍ የሚታጠበው። እነዚህ የሕመም ማስታገሻዎች ሲደጋገሙ ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ የግፊቱን መድኃኒት ሥራም ያዳክማሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። እግር የሚያሳብጥ ወይም የሚያስል ክኒን ከሆነባችሁም መፍትሔው መቀየር ነው፤ የሚተካው ሌላ አለና። ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው ይብላ የሚወድ፤ በክኒኑ ፋንታ ግን አይሁን።

ወደ መዋጮው ልመለስ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለእሱ ነው። አስከሬን ለመላክ የምናሰባስበው ገንዘብ ብዙ ሺህ ሪያል ነው። በክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ከዚያ በጣም በትንሹ፣ ከናህዲም ከአል ደዋእም ፋርማሲ ይገዛል። ለመግዛት ኢቃማ አይጠየቅም። እያንዳንዱ ጀመዓ፣ እያንዳንዱ የጸሎት ማኅበር፣ እያንዳንዱ የአካባቢ ልጆች እድር አንድ አንድ መለኪያ ቢኖረውና በዕረፍት ቀን ቡና ሲፈላ ክንድ ቢለካ ምን ይከብዳል? ከመካከላችን አገር ቤት ነርስና ጤና ረዳት የነበሩ፣ ዛሬ በረንዳ የሚያጥቡ እህቶች አሉ። ያን ዕውቀታቸውን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። መለኪያውን እነሱ ይያዙት፣ ሌላውንም ያሠልጥኑ።

አለካኩ ሥርዓት አለው፤ ካልተጠበቀ ቁጥሩ ይዋሻል። ለአምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ጀርባን ማስደገፍ፣ እግርን ሳያጣምሩ መሬት ማስረገጥ፣ ክንድን በልብ ልክ ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ፣ ቀድሞ ሽንት መሽናት ያስፈልጋል። ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡናም ሲጋራም ሺሻም አይሁን፤ ስለዚህ ልኬቱ ከመጀመሪያው ሲኒ በፊት ይደረግ። ሁለት ጊዜ ተለክቶ ይጻፍ። አንድ ቀን ከፍ ማለቱ በሽታ ነው አያሰኝም፤ በተለያየ ቀን ሲደጋገም ግን ወደ ሐኪም መሄድ ነው። አረብኛ ለሚያስቸግራት «ደግጥ» (ግፊት) ብላ የተጻፈውን ቁጥር ማሳየት ይበቃል። ላይኛው ከ180 ወይም ታችኛው ከ120 በላይ ሆኖ ደረት ከታፈነ፣ ፊት ከተጣመመ፣ አንድ ጎን ከዛለ ወይም ንግግር ከተሳሰረ አንድ ደቂቃ ማባከን አይገባም፤ 997 ተደውሎ አምቡላንስ ይጠራ። «ትንሽ ትተኛ፣ ይተዋታል» የሚባለው ያኔ ነው፤ እባካችሁ አትበሉ።

ጠቅልላ ለምትመለሰውም አንድ ነገር አለ። ሻንጣ ሲታሰር ብርድ ልብሱና ሽቶው አይረሳም፣ ክኒኑ ይረሳል። ቢያንስ የጥቂት ወራት መድኃኒት ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳ ይያዝ። እዚህ የምንገዛው ክኒን የንግድ ስም አገር ቤት ላይታወቅ ስለሚችል ዋናው ስሙና መጠኑ፣ ለምሳሌ «አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም» ተብሎ፣ ከመጨረሻዎቹ ልኬቶች ጋር በወረቀት ይጻፍ። ወልዲያም ሆነ ጅማ ያለ ጤና ጣቢያ ያን ወረቀት አንብቦ ሕክምናውን ይቀጥላል። ዓመታት ሙሉ ከቤተሰብ የተደበቀ ሕመም ከሆነም በመጀመሪያው ሳምንት ይነገራቸው፤ ግፊት በዘር ይሄዳልና እናትና አባት፣ ወንድምና እህትም አብረው ጤና ጣቢያ ሄደው ይለኩ።